ለቅሶ ቀድሞ ስለሚያደርስ ሰዓት

ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.
መቱ

ለተከበሩ አቶ ዳምጤ
የላይኛው ሰፈር መረዳጃ እድር ዳኛ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለቅሶ ቤት ቀድሜ በመድረሴ ስለ ተጣለብኝ ቅጣት፣ እንዲሁም ስለ ሰዓቴ ጠባይ ማብራሪያ ስለ መስጠት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ባለቤትዎ እትዬ ጥሩአየሁም፣ በጓሮዎ የተሰጣው ቡናም ከዝናብና ከዶሮ ተጠብቃችሁ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ልባዊ ምኞቴን እገልጻለሁ። እኔም ከእድርዎ ለሦስት ወር ከታገድኩ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከእድር የታገደ ሰው ቢታመም እንኳ ከመዳን በቀር ሌላ አማራጭ ስለሌለው፣ ጤንነቴን እንደ መንግሥት ሥራ በጥብቅ ይዤዋለሁ።

እርስዎ በሚገባ ያውቁኛል። ይህን ደብዳቤ በሀምዱ ሱቅ በር ላይ ተለጥፎ ለሚያነቡት ግን ራሴን ላስተዋውቅ። ጸጋአብ ገብረ መስቀል እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ማዶ ባለችው ዋንዛ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው በደል ስጽፍ ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ጽሕፈቴ ወጣ ገባ ቢል ይቅርታ ይደረግልኝ። በከፊል የሰዓቱም ጥፋት ነው። ሰዓቴ ባትሪ የለውም፤ የሚሞላው እጅ ሲወዛወዝ ብቻ ነው፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ቁጭ ብሎ መዋል ስለሆነ በየሩብ ሰዓቱ ግራ እጄን አራግፋለሁ። ደንበኞቼ መጀመሪያ ወባ ነው ብለው አዘኑልኝ፤ አሁን ግን ለምደው፣ የተውኩት ሲመስላቸው ራሳቸው ያስታውሱኛል።

የታገድኩት በዚህ ሰዓት ምክንያት እንደመሆኑ፣ ጉባኤው የሰዓቱን ማንነት ሳያውቅ መፍረዱ ተገቢ ስላልመሰለኝ፣ ጥቅምት 28 ቀን ከሀምዱ ሱቅ ከገዛሁት ጀምሮ የታዘብኩትን በቁጥር ለይቼ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ሰዓቱ አዲስ ነው። ይህን የማስቀድመው ክቡርነትዎ በጉባኤው ፊት «ከየት እንደተለቀመ የማይታወቅ አሮጌ ሰዓት» ብለው ስለጠሩት ነው። አልፈርድብዎትም። ሀምዱ እንዳስረዳኝ ሰዓቱ ከስልሳ ዓመት በፊት ባሕር ጠላቂዎች ያስሩት በነበረው ሞዴል ዛሬ የተሠራ ነው፤ መስታወቱ ጎበጥ ያለ፣ ማሰሪያው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ጎማ፣ በቁጥሮቹ ቦታ ያሉት ነጠብጣቦች ደግሞ ሆን ተብሎ ዕድሜ ያገኛቸው እንዲመስሉ ብጫ የተቀቡ ናቸው። እናቴ ገና እንዳዩት «ልጄ፣ አዲሱን ለማን ሸጦት ነው ይህን የሰጠህ?» አሉኝ። ወደ ሀምዱ ተመልሼ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ብጫነቱ እኮ ነው ሞያው! ነጩንማ ማንም ያስራል» አለኝ። እኔም ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ክቡርነትዎ ባለፈው መስከረም በራስዎ እጅ የጻፉትን ደንብ «ከአባቶቻችን የወረስነው» እያሉ ሲያነቡልን ሰምቼ ስለማውቅ፣ አዲስን ነገር አስረጅቶ የማቅረብ ጥበብ ለእኔ እንግዳ አልነበረም።

፪. ሰዓቱ ሁለት መቶ ሜትር ውሃ ውስጥ ቢገባ ምንም አይሆንም ተብሎ በጀርባው ተጽፏል። በመቱ ዙሪያ ሁለት መቶ ሜትር የሚጠልቅ ውሃ መኖሩን አልሰማሁም፤ ሶር ወንዝም ቢሆን ከገደል ሲወርድ ያስፈራል እንጂ ለዚህ ሰዓት የሚበቃ አይደለም። ዝናባችንን እንደ ፈተና ብንቆጥረው ግን በየቀኑ በከፍተኛ ውጤት አልፏል። አየር አጥሮት ለታፈነ ሰው የተሠራ መሆኑንም በተግባር አረጋግጫለሁ፤ በኅዳር ወር ስብሰባ ያደረጉትን የመክፈቻ ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከእኔ ጋር ተከታትሎ ሳይቆም ወጥቷል።

፫. አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቀለበቱ እመጣለሁ። በመስታወቱ ዙሪያ ጥርስ ያለው፣ የሚዞር የብረት ቀለበት አለ፤ በላዩም እስከ ስልሳ የሚቆጥሩ ምልክቶችና በጨለማ የምታበራ አንዲት ሦስት ማዕዘን አሉበት። ሀምዱን ስለ ቀለበቱ ብጠይቀው «ለማማር ነው» አለኝ። ፈረንጅ ለማማር ብሎ ይህን ያህል ጥርስ አይቀርጽም ብዬ ሁለት ቀን ካሰብኩ በኋላ ጥበቡ የተገለጠልኝ መሰለኝ። ሰዓቱ የመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ አራት ሰዓት ሲሆን እሱ አሥር ይላል። መሙያውን ፈትቼ ላስተካክለው እንዳልል፣ ከፈታኸው ውሃ ይገባዋል ብሎ ሀምዱ አስጠንቅቆኛል። ሁላችንም እንደምናደርገው ትይዩውን ቁጥር ማንበብ እችል ነበር፤ ግን ቀለበቱ ሥራ ፈቶ ሊቀር ነው። ስለዚህ ግማሽ ዙር አዞርኩትና ሦስት ማዕዘኗን ታች፣ በስድስት ቁጥር አንጻር አስቀመጥኳት። እሷ የእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነች፤ ከእሷ ጀምሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ። ይህን ቀለበት ለሀበሻ አስበው የሠሩትን ሰዎች ሳምንት ሙሉ መረቅኳቸው።

ያላወቅኩት ነገር ቢኖር ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞር መሆኑን ነው። የኪስ ጠርዝ፣ የከረጢት አፍ፣ የእናቴ በር መቀርቀሪያ በነካው ቁጥር ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ይሄዳል፤ የሚሄደውም ሁልጊዜ ሰዓቱን የረፈደ በሚያስመስልበት አቅጣጫ ነው። ሁሩሙ ከተማ የምታስተምረው የእህቴ ልጅ ዳናዊት በኋላ የመመሪያውን ወረቀት አንብባ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ ቀለበቱ ከሀበሻ አቆጣጠር ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ጠላቂው ውሃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየ የሚለካበት ነው። በስህተት ቢነካ እንኳ ሰውየው አየሩ ሳያልቅበት ቀደም ብሎ እንዲወጣ ታስቦ ነው አንድ ወገን ብቻ የሚዞረው። እንግዲህ ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ይህ ሰዓት ሲሳሳት ሰውን ያስቀድማል እንጂ አያስረፍድም። በእድራችን ዕድሜ እንዲህ ያለ አደገኛ ዕቃ በአባል እጅ ላይ ታስሮ አያውቅም።

ኅዳር 19 ቀን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ ጅራታ ያረፉ ዕለት ጥሩምባ ነፊያችን ኦሊ ሰፈሩን ዞሮ፣ ወንዶች በአራት ሰዓት ዕቃ ቤት ተገኝተው ድንኳኑን እንዲያወጡ ተናገረ። ዕቃ ቤታችን ያለው በግቢዎ ውስጥ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። እኔም ሦስት ማዕዘኗን አምኜ ለአራት አምስት ጉዳይ ሲል በርዎ ላይ ደረስኩ። ለካ ቀለበቱ ሳላየው አንድ ሰዓት ያህል ሄዶ ኖሯል፤ ጊዜው ለሦስት አምስት ጉዳይ ነበር።

ዕቃ ቤቱ ክፍት ነው፤ ድንኳኑ ግን የለም። ያገኘሁት በጓሮዎ ነው። ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ፣ ገና ያልደረቀ ቀይ ቡና ተሰጥቶበት፣ ክቡርነትዎ ሱሪዎን እስከ ጉልበትዎ ሰብስበው በባዶ እግርዎ መሐሉ ገብተው ሲያገላብጡት ደረስኩ። እትዬ ጥሩአየሁ በአለንጋ ዶሮ ይከላከሉ ነበር። ክቡርነትዎ ሲያዩኝ ያሉኝን ዛሬም አልረሳሁትም፤ «ማሎ፣ እባክህ ጸጋአብ! ሰው በአራት ሰዓት ተብሎ በሦስት ይመጣል እንዴ?» ካሉኝ በኋላ፣ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ ድንኳኑ ሻጋታ እንዳይዘው እያናፈሱት መሆኑን አስረዱኝ። እኔም ሻጋታን አጥብቄ የምጠላ ሰው ስለሆንኩ አላቅማማሁም፤ ጫማዬን አውልቄ ገብቼ ቡናውን በጆንያ አብሬዎት አፈስኩ።

ቡናው ታፍሶ፣ የረጠበው ድንኳን እስኪጠፍፍ ተጠብቆና ታጥፎ ለቅሶ ቤት ሲደርስ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሐዘንተኛው እስከዚያ ድረስ ጉም የተሞላ ሰማይ ሥር ቆሞ ነው የጠበቀው። ድንኳኑ ተተክሎ ጸሎት ሲደረስም ከጣሪያው አንድ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ወርዶ በነፍስ አባታችን መጽሐፍ ላይ አረፈ። አባ በጣታቸው አንስተው አዩት፤ ኪሳቸውም ከተቱት። ስንት ዓመት ሙሉ ከለቅሶ በተመለስን ቁጥር ከኮሌታችን የምናወጣው ጀንፈል ከየት እንደሚመጣ ያን ዕለት አወቅኩ። ቢሆንም ዝም አልኩ፤ ጨዋ አሳድጎኛልና።

፬. ዝምታዬን ያፈረሰችው ዳናዊት ናት። የቀለበቱን ትክክለኛ አጠቃቀም ካስተማረችኝ በኋላ ልሞክረው ጓጓሁ፤ ግን በመቱ ከተማ ደቂቃው የሚለካ ምን ሥራ አለ? ታኅሣሥ 2 ቀን እትዬ ተጂቱ ሲያርፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ መልሱን አገኘሁ። አሁንም ቀድሜ መጣሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ወድጄ ነው። በአጥርዎ በኩል በትሕትና እጅ ነስቼ፣ ከድንኳኑ ላይ ቡናው ሊታፈስ የመጀመሪያው ጆንያ አፉን ሲከፍት ሦስት ማዕዘኗን በደቂቃ ቆጣሪው ላይ ገጠምኳት፤ የመጨረሻው ጆንያ ሲታሰር አነበብኩ። ሰዓቱ ለተሠራበት ዓላማ የዋለው ያን ዕለት ብቻ ስለሆነ፣ ለሰጡኝ ዕድል አመሰግንዎታለሁ።

ታኅሣሥ 7 ቀን በወሩ ስብሰባ ላይ አንድ አባል፣ ድንኳኑ በየለቅሶው ለምን እንደሚዘገይ ጠየቁ። ክቡርነትዎ፣ እንደ ልማድዎ ሰዓት የሌለበትን ባዶ የእጅ አንጓዎን ተመልክተው ሰዓቱ መሄዱን ካወጁ በኋላ፣ ነገሩ የወጣቱ ስንፍናና የመንገዱ ጭቃ መሆኑን በሰፊው አብራሩ። እኔም እጄን አወጣሁ። የተናገርኩት «አርባ ስምንት ደቂቃ ነው» የሚል ብቻ ነበር። «ምኑ?» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሰው ሲጠይቀኝ አለመመለስ ስለማልችል «ቡናውን ማፈሱ» አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ጸሐፊያችን አቶ ደበሳ በሳቅ ብዕራቸው ወድቆ ከወንበር ሥር ሲፈልጉት ስለቆዩ፣ ሳቁ በቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።

፭. የሰፈረው ውሳኔው ነው፤ «ያለ ሰዓቱ በመገኘትና የእድሩን ሰዓት በመጋፋት ጥፋት ለሦስት ወር ከነቤተሰቡ ታግዷል» ይላል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ሰው ቀርቶ ሲቀጣ፣ አርፍዶ ሲቀጣ ጽፌያለሁ። ቀድሞ በመምጣቱ የተቀጣ ሰው አልገጠመኝም፤ ለሙያዬ አዲስ ምዕራፍ ከፍተዋልና ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሬን ላቁም፤ የሚቀጥለው የሚቆጠር አይደለምና። «ከነቤተሰቡ» ማለት እናቴ ማለት ነው። እናቴ ወ/ሮ ዘርፈሽ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። መግነዛቸውን ገዝተው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋል፤ ማን ሙሾ እንደሚያወጣላቸው፣ ማን ደግሞ እንዳይጠጋ ለይተው ነግረውኛል። ውሳኔውን ሳነብላቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ የቡናውን ነገር ስነግራቸው እስኪያስላቸው ስቀው ነበርና። ይህን ግን አልሳቁበትም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «ታዲያ እኔን ማን ያነሳኛል?» አሉኝ። አባቴ የተለቀሰላቸው በዚያው ድንኳን ሥር ነው፤ እናቴም እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድ ለቅሶ ሳይቀሩ፣ በጭቃውም በዝናቡም በእግራቸው እየሄዱ ለሰው ያለቀሱ ሴት ናቸው። ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ለአንድ አፍታ ልተወውና፣ አዝኛለሁ። በእኔ ሰዓት የእናቴ እንቅልፍ መሄዱ አንገብግቦኛል።

በማግስቱ ግን እናቴ ውሳኔ ይዘው ተነሡ፤ እገዳው ሳያበቃ እንደማይሞቱ አስታወቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፊያ ሲጥል ከቤት አይወጡም፤ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ይበላሉ፤ መንገድ ሲሻገሩ ባጃጁን ሁሉ በምርኩዛቸው አስቁመው ነው። ሰዓቴንም ወስደውብኛል። «ይቺ ሰዓት የምታስቀድም ከሆነች ሦስት ወሩንም ታስቀድምልኝ» ብለው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቀለበቱን ጠቅ፣ ጠቅ ሲያደርጉ ይውላሉ። ቀለበቱ ስልሳ ደቂቃ እንጂ ሦስት ወር እንደማይቆጥር ነግሬያቸው ነበር፤ ዝም በል አሉኝ። ትናንት በራሳቸው ቆጠራ መጋቢት መግባቱን ነግረውኛል። ይህን ደብዳቤ ስጽፍም ስንት ሰዓት እንደሆነ የማላውቀው ለዚህ ነው፤ እጄን ማራገፉን ግን ከልማድ አልተውኩትም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምለምነው ጥቂት ነው። እኔን ለሦስት ወር ቀርቶ ለሦስት ዓመት ያግዱኝ፤ የእናቴን ስም ግን እስከ እሑድ ድረስ ወደ መዝገቡ ይመልሱልኝ። ያለፈ ጥፋት አላቸው ከተባለ እኔን መውለዳቸው ብቻ ነው። ስለ ቡናውም ቢሆን አልተቃወምኩም። ባለሙያዎች ቡና ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣ ይላሉ፤ እርስዎ በለቅሶ ድንኳን ላይ የሰጡት ምናልባት ከያዮ ጫካ ቡና የሚለይ፣ ለእንባ የቀረበ ጣዕም እንዲኖረው አስበው ይሆናል፤ በሙያዎ አልገባም። ብቻ ሀምዱ ሱቅ ውስጥ የተረፈ ሰፊ ሸራ እንዳለና ለእርስዎ በነጻ ሊሰጥ እንደተስማማ እግረ መንገዴን ላሳውቅዎ።

በባዶ አንጓዎ ጊዜን ለሚያነቡበት ድንቅ ችሎታዎ፣ ድንኳናችንን ከሻጋታ ለመጠበቅ ለከፈሉት መሥዋዕትነትና ላፈሰሱት ላብ፣ እንዲሁም እናቴን ከዚህ በፊት አይቼባቸው ለማላውቀው ጤንነት ስላበቁልኝ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ከተቀጠረው ሰዓት በፊት እሰናበትዎታለሁ።

ታዛዥዎና የታገደው አባልዎ፣
ጸጋአብ ገብረ መስቀል

ግልባጭ፦
– ለአቶ ደበሳ፣ የእድሩ ጸሐፊ (ብዕራቸውን አጥብቀው ይዘው እንዲያነቡት)
– ለሀምዱ ሱቅ በር
– ለድንኳኑ (ከተራገፈ በኋላ)

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ለእናቴ ሳነብላቸው፣ ሰሞኑን ጉንፋን እንደያዝዎት ሰምተው ስለነበር ከልብ እንዳዘኑ ንገርልኝ ብለዋል። ራስዎን በጣም እንዲጠብቁ፣ በተለይም ቡናው ደርቆ እስኪያልቅ፣ እስከ ጥር ድረስ አደራ እንዳይሞቱ ይለምኑዎታል፤ ድንኳኑ ተይዟልና። ሆኖም እግዚአብሔር ያርቀውና ያ ቀን ከጥር በፊት ቢመጣ አያስቡ፤ እኔ ብታገድም እንደ ልማዴ በአርባ ስምንት ደቂቃ ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ቡናውን የሚያፍስ ሰው ማስፈለጉ አይቀርም፣ እርስዎ ያን ጊዜ አይመችዎትም።